በኢንተርኔት የሚሠራ የሥራ ማስተባበሪያ ሰሌዳ እንዴት ይመረጣል?
ለቦንጋና ለካፋ ዞን ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

የንግድ ሥራ በአንድ ሱቅ ውስጥና በአንድ ባለቤት ዐይን ሥር ይካሄድ በነበረበት ጊዜ፣ የተጀመረውን ካልተጀመረው፣ የተፈጸመውንም ካልተፈጸመው ለይቶ ለማወቅ ከአንድ ደብተርና ከመልካም ትዝታ የበለጠ መሣሪያ አያስፈልግም ነበር። ዛሬ ግን ከካፋ ቡና፣ ማርና ኮረሪማ ገዝቶ ወደ ውጭ አገር ለሚልክ ነጋዴ ሰብሳቢው በዴቻ፣ የቡና ማድረቂያው በጊምቦ፣ የሒሳብ ሠራተኛው በቦንጋ፣ ወኪሉ በአዲስ አበባ፣ ደንበኛው ደግሞ በሐምቡርግ ይገኛሉ። ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ ብቻ በጅማ በኩል ወደ 450 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ስለዚህ «ያ ነገር ከምን ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ በቴሌፎን ይጠየቃል፤ መልሱም እንደ መላሹ ይለያያል።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚረዱ፣ በኢንተርኔት ላይ የሚሠሩ የሥራ ማስተባበሪያ ሰሌዳዎች በዓለም ገበያ በብዛት ይሸጣሉ። ብዙዎቹም የታወቁት ሶፍትዌር የሚሠሩ ቡድኖች ስለ ተጠቀሙባቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከነዚህ መካከል የትኛው እንደሚበልጥ ለመፍረድ ሳይሆን ነጋዴው ራሱ መዝኖ የሚመርጥበትን መንገድ ለማሳየት ነው። ናሙና ሳያይ የቡና ዋጋ የማይቈርጥ ሰው ይህንንም ዕቃ በማስታወቂያው ብቻ ሊገዛው አይገባም።

ጉዳዩ ስለ ምን አስቸኳይ ሆነ

እንደሚታወቀው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ቁጥር 2023/1115 መሠረት፣ ቡናን፣ ካካዎን፣ ጎማን፣ እንጨትንና ሌሎችንም ጥቂት ሸቀጦች ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚያስገባ አስመጪ፣ ሸቀጡ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020፣ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደኑ ከተመነጠረ መሬት የመጣ አለመሆኑን ማስረዳት ይኖርበታል። ደንቡ የሚፈጸምበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲተላለፍ ተደርጓል፤ ሆኖም የሚጠይቀው ማስረጃ በቀን መተላለፍ የሚቀል አይደለም። ቡናው የተለቀመበት እያንዳንዱ ማሳ ያለበት ነጥብ በኬክሮስና በኬንትሮስ እስከ ስድስት የዐሥርዮሽ አኃዝ ድረስ መጻፍ አለበት። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ እንደሆነ ደግሞ አንድ ነጥብ አይበቃም፤ ዙሪያ ድንበሩ ሁሉ ይለካል።

የካፋ ቡና ከደን ጥላ ሥር የሚለቀም መሆኑ፣ የአካባቢውም ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ መመዝገቡ ለአገሩ ቡና መልካም ምስክር ነው። ነገር ግን ገዢው የሚቀበለው በቁጥር የተጻፈውን ነው። የቦንጋ ከተማ ኬክሮስ 7.27 ገደማ ነው። ጸሓፊው እጁ ስቶ 7.72 ብሎ ቢጽፍ ማሳው ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሸሸ ማለት ነው፤ በሳተላይት ሥዕል የሚመረምረው ሰው በዚያ ቦታ ከተማ ወይም ወንዝ ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባም። አንድ የተሳሳተ መሥመር ደግሞ የራሱን ገበሬ ቡና ብቻ አያስቀርም፤ ከሌሎች ሁለት መቶ ገበሬዎች ቡና ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ኮንቴይነር የተጫነውን ሁሉ በጥርጣሬ ያስይዛል።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል አንድ ቡና ላኪ የገበሬዎችን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ለማሠራት ቈርጦ ተነሣ እንበል። አራት ወጣት ፕሮግራም ሠሪዎች በአዲስ አበባ ተቀምጠው ይሠራሉ፤ ሁለት ለኪዎች ስልካቸውን ይዘው በዴቻና በጊምቦ ቀበሌዎች ይዞራሉ፤ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በቦንጋ ቁጥሩን ያመሳክራል፤ ባለቤቱም ገንዘቡን ይከፍላል። እነዚህ ስምንት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው አያውቁም። ሥራቸውን የሚያገናኘው ምንድን ነው? የምንመረምረው ይህን ነው።

ስለ ቀልጣፋው አሠራር ጥቂት ማብራሪያ

ፕሮግራም ሠሪዎቹ «በአጃይል ነው የምንሠራው» ሲሉ ነጋዴው ግራ መጋባት የለበትም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ዐሥራ ሰባት የሶፍትዌር ባለሞያዎች በአሜሪካ በዩታ ግዛት ስኖውበርድ በተባለ ቦታ ተሰብስበው አንድ አጭር መግለጫ አወጡ። የሐሳባቸው ፍሬ ነገር፣ ዓመት ሙሉ ዕቅድ ጽፎ በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሥራ ከማስረከብ ይልቅ በየጥቂት ሳምንቱ የሚሠራ ትንሽ ነገር እያስረከቡ ከደንበኛው ጋር እየተመካከሩ ማረም ይሻላል የሚል ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1995 ጄፍ ሰዘርላንድና ኬን ሽዌበር ስክረም የተባለውን ሥርዓት ለሙያ ጓደኞቻቸው አቅርበው ነበር፤ በዚህ ሥርዓት ሥራው ከአንድ ወር በማይበልጡ አጫጭር ዙሮች ይከፈላል፣ በየዙሩም መጨረሻ የተሠራው ለባለ ጉዳዩ ይታያል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የ2001ዱ መግለጫ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው ቁም ነገር ሰዎችና ግንኙነታቸው ከመሣሪያ ይበልጣሉ የሚለው መሆኑ ነው። መሣሪያ ሻጮቹ ግን ይህን አንቀጽ ሲጠቅሱት እምብዛም አይሰማም።

ሁለተኛው ሥርዓት ካንባን ይባላል፤ ለባለ ሱቆች ከሁሉ ይልቅ ቅርብ የሆነውም እርሱ ነው። በቶዮታ ፋብሪካ የነበረው ታይቺ ኦኖ ይህን አሠራር ሲያቀና መነሻ የሆነው የአሜሪካ ትልልቅ መደብሮች ልማድ ነበር። በመደብሩ ደንበኛው ከመደርደሪያ ያነሣው ያህል ብቻ እንደገና ይሞላል፤ ማንም አስቀድሞ ገምቶ ያልተፈለገ ዕቃ አይከምርም። በፋብሪካውም ካርድ ካልመጣ ዕቃ አይሠራም ተባለ። ካርዱ ዛሬ በኢንተርኔት ሰሌዳ ላይ ሆኗል፤ ሰሌዳውም «የሚሠራ»፣ «በሥራ ላይ ያለ»፣ «ሊመረመር የሚገባው»፣ «ያለቀ» እየተባለ በዓምድ ይከፈላል። ካርዱ ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ሲሻገር ሁሉም ያየዋል።

የዚህ አሠራር ትልቁ ቁም ነገር በሥራ ላይ ያለውን መወሰን ነው። የቡና ሰዎች ይህን ሳይማሩት ያውቁታል። የማድረቂያ አልጋው ሃያ ከሆነ የአርባ አልጋ እሸት ቡና መግዛት አያዋጣም፤ ተደራርቦ ይሻግታል፣ ሽታውም ጥሩውን ያበላሻል። እንዲሁም አራት ፕሮግራም ሠሪዎች በአንድ ጊዜ ሃያ ሥራ ጀምረው ከሆነ ሃያውም ግማሽ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሰሌዳ የሚመርጥ ሰው «በአንድ ዓምድ ውስጥ ከአምስት ካርድ በላይ እንዳይገባ ለመከልከል ወይም ለማስጠንቀቅ ይችላልን?» ብሎ ይጠይቅ። የማይችል ሰሌዳ የሥራ መዝገብ ሊሆን ይችላል፤ የሥራ መቈጣጠሪያ ግን አይሆንም።

በገበያ ላይ ያሉት

ከታወቁት መካከል ጂራ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2002 በአውስትራሊያው አትላሲያን ኩባንያ የወጣ ሲሆን በተለይ ለሶፍትዌር ቡድኖች የተዘጋጀ፣ ብዙ መቈለፊያና ብዙ ቁልፍ ያለው ነው። ትሬሎ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ቀላል የካርድ ሰሌዳ ሲሆን በ2017 ያው አትላሲያን በ425 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። አሳናና ቤዝካምፕ ለልዩ ልዩ የቢሮ ሥራም ያገለግላሉ። ሬድማይን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ፣ ፈቃዱ የማይሸጥ ሶፍትዌር ነው፤ ነጋዴው በራሱ ሰርቨር ላይ ሊያቆመው ይችላል፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ራሱ መቅጠር አለበት።

ከነዚህ ማንኛውንም ከመመልከት አስቀድሞ ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ በርግጥ ያስፈልጋልን? በአንድ ሱቅ ውስጥ ለሚሠሩ ሦስት ሰዎች በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳና ጠመኔ ከማናቸውም ሶፍትዌር ይበልጣል። ሰሌዳው መብራት አይጠፋበትም፣ የወር ክፍያም የለውም። ብዙዎች የሚጠቀሙበት የቴሌግራም ቡድንም ቢሆን ለወሬና ለፎቶግራፍ መልካም ነው፤ ጉድለቱ ትላንት የተሰጠው ትእዛዝ ዛሬ በሰላምታና በእንኳን አደረሳችሁ ሥር መቀበሩ ነው። ሰዎቹ ከአምስት ያለፉ፣ በሁለት ከተማም የተለያዩ እንደሆነ ግን የኢንተርኔት ሰሌዳ ዋጋውን ይመልሳል ብለን እናምናለን።

የመጀመሪያው ፈተና፤ መሥመር ሲጠፋ

በማስታወቂያው ላይ ሰሌዳው የሚታየው በአንድ ሰፊ ኮምፒዩተር ላይ ነው። የእኛ ለኪ ግን ከዴቻ ቀበሌ በአንድ ርካሽ ስልክ ነው የሚከፍተው። ስለዚህ ፈተናው በቢሮ ውስጥ መደረግ የለበትም። ስልኩን ይዞ መሥመሩ ደካማ ወደሆነበት ስፍራ መሄድ፣ ወይም ቢያንስ የስልኩን መረጃ አጥፍቶ መሞከር ያስፈልጋል። በዚያ ሁናቴ ካርዱ ይከፈታልን? የተጻፈው ነገር በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ መሥመር ሲመለስ ራሱ ይተላለፋልን? ወይስ ግማሽ ሰዓት የተጻፈው ጠፍቶ ባዶ ገጽ ይመጣል? አንዳንዶቹ ሰሌዳዎች በስልክ ላይ ያለ መሥመር ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ማንበብን ብቻ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹም ፈጽሞ አይከፈቱም። ይህ አንድ ፈተና ብቻ ግማሾቹን ዕጩዎች ሊጥል ይችላል።

ረጅም መቋረጥም አይዘንጋ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ እንደነበር የሚታወስ ነው። በዚያን ጊዜ የሥራ ዝርዝሩ በሙሉ በውጭ አገር ሰርቨር ላይ የነበረበት ነጋዴ የራሱን መዝገብ ለማየት አልቻለም። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ዝርዝሩን ወደ ሠንጠረዥ አውርዶ በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ማስቀመጥ፣ ከተቻለም ማተም ያስፈልጋል። ሰሌዳው ይህን በአንድ ጊዜ ንክኪ የማያደርግ ከሆነ ሠራተኛው አያደርገውም፤ ይህን በርግጠኝነት ለመናገር ይቻላል።

ሁለተኛው ፈተና፤ ፊደልና ዘመን

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት እንቆያለን፤ ምክንያቱም በውጭ አገር የተጻፉት መመሪያዎች ስለዚህ አንዳችም አይናገሩም።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ አማርኛ በማናቸውም ዘመናዊ ሰሌዳ ላይ ሊጻፍ ይችላል። መጻፍ መቻሉ ግን ተፈልጎ መገኘት መቻሉ አይደለም። አንዱ ሠራተኛ «ዓለሙ» ብሎ የመዘገበውን ገበሬ ሌላው «አለሙ» ብሎ ይፈልገዋል፤ «ሣህሉ»ን «ሳህሉ»፣ «ፀሐይ»ን «ጸሃይ» ይላል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለመሣሪያው ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ «የለም» ብሎም ይመልሳል። ከዚህ የተነሣ አንድ ገበሬ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፣ ምርቱም እጥፍ ሆኖ ይታያል፤ ይህም በውጭ መርማሪ ዘንድ ማጭበርበር ይመስላል። ስለዚህ በሙከራው ጊዜ ሆን ብሎ አንድን ስም በሁለት ዐይነት ሆሄ ጽፎ መፈለግ ይገባል። የማያገኘው ከሆነ፣ አብዛኞቹም ላያገኙት ይችላሉና፣ ለእያንዳንዱ ገበሬ ቁጥር ሰጥቶ በቁጥሩ መፈለግ ብቸኛው መድኃኒት ነው። በካፊኖኖ የተጻፉ የቀበሌና የቦታ ስሞችም አንዱ በግዕዝ፣ ሌላው በላቲን ፊደል ሊጽፋቸው ስለሚችል ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። እንዲሁም የምዝገባው ቅጽ «የቤተ ሰብ ስም» የሚል ሣጥን ካለው ለኪው የአባትን ይጽፍበት ወይስ የአያትን አስቀድሞ ይወሰን።

ከፊደሉ ይልቅ የሚከፋው የዘመን አቈጣጠሩ ነው። ለኪው ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ማሳ ለክቶ በካርዱ ላይ «5/3/2016» ብሎ ጻፈ እንበል። ይህ ቀን በፈረንጆች ኖቬምበር 15 ቀን 2023 ነው። ሰሌዳው ግን በአውሮፓ ልማድ ማርች 5 ቀን 2016፣ በአሜሪካ ልማድ ከሆነም ሜይ 3 ቀን 2016 አድርጎ ያነበዋል። እንግዲህ በሐምቡርግ ያለው ገዢ ሲመለከተው ማሳው የተለካው ደንቡ ከቈረጠው ቀን ከአራት ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው፤ ስለዚህ ስለ ደኑ አንዳች አያስረዳም። ልኬቱ ትክክል፣ ገበሬው እውነተኛ፣ ደኑም ያልተነካ ሲሆን ማስረጃው ግን ዋጋ አጣ።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ባለቤቱ ከቦንጋ «ነገ በ8 ሰዓት እንነጋገር» ብሎ ሲጽፍ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቱ ነው፤ መሣሪያው ግን ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ጥሪ ይደውላል። ጳጉሜንም መሣሪያው አያውቃትም፤ በየወሩ 30 የሚደገም ሥራ ብታዝዙት የካቲትን በፈረንጅ ፌብሩዋሪ ቈጥሮ ምን እንደሚያደርግ ሞክሮ ማየት ነው። የኢትዮጵያን አቈጣጠር አብሮ የሚይዝ ሰሌዳ ካልተገኘ፣ ቡድኑ በሰሌዳው ላይ በፈረንጆች ብቻ እንዲጽፍ፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ እንዲጻፍ ማዘዝ ያሻል። ደንቡ በመጀመሪያው ካርድ ላይ ተጽፎ ከሰሌዳው ራስ ላይ ይሰቀል።

ስለ ዋጋ

ብዙዎቹ ሻጮች ዋጋ የሚቈርጡት በሰው ቁጥር፣ በወር፣ በዶላር ነው። ለአንድ ሰው በወር 8 ዶላር ነው ቢባል ትንሽ ይመስላል። ሰዎቹ 12 ከሆኑ በወር 96፣ በዓመት 1,152 ዶላር ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ በፊት ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በ57 ብር ሒሳብ 65,664 ብር የነበረው የዓመት ክፍያ በ100 ብር ሒሳብ 115,200 ይሆናል፤ ሻጩ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ማለት ነው። ክፍያውን በምን ካርድና በማን ባንክ በኩል እንደሚፈጽም ሳያረጋግጥ ሰሌዳ ላይ ሥራውን የሚያከማች ነጋዴ ዕቃውን ጂቡቲ አድርሶ የጉምሩክ ወረቀቱን እንደ ረሳ አስመጪ ነው።

በነጻ የሚሰጠውም ቢሆን ወሰን አለው፤ ወሰኑም ይለወጣል። ትሬሎ እ.ኤ.አ. በ2024 በነጻው አገልግሎቱ በአንድ የሥራ ቦታ ከዐሥር ተባባሪዎች በላይ እንዳይኖሩ ወስኗል። ለእኛ ስምንት ሰዎች ይህ ይበቃቸዋል፤ በመከር ጊዜ አምስት ለኪዎች የተጨመሩ ዕለት ግን አይበቃቸውም።

ሦስተኛው ፈተና፤ ስንወጣ ምን ይዘን እንወጣለን?

የመጋዘን ኪራይ ውል የሚፈርም ነጋዴ የመግቢያውን ቀን ብቻ ሳይሆን የመውጫውንም ይጽፋል። በሰሌዳውም እንዲሁ ነው። ካርዶቹ፣ በካርዶቹ ውስጥ የተጻፈው ውይይት፣ የተያያዙት ፎቶግራፎች፣ ማን መቼ ምን እንደ ለወጠ የሚያሳየው ታሪክ፣ ይህ ሁሉ ወጥቶ በሌላ መሣሪያ ሊነበብ ይችላልን? «ማውጣት ይቻላል» የሚለውን ቃል ብቻ መቀበል አይበቃም። ብዙ ጊዜ የካርዱ ርእስ ይወጣና ፎቶግራፉ ይቀራል፤ የእኛ ማስረጃ ደግሞ ፎቶግራፉ ነው።

ይህ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስል ሁለት ነገር እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 2022 አትላሲያን ለጥገና በሠራው አንድ የትእዛዝ ጽሑፍ ስሕተት ምክንያት የ775 ያህል ደንበኞች ሥፍራ ተሰረዘ፤ አንዳንዶቹ ሥራቸውን መልሰው ያገኙት ሁለት ሳምንት ያህል ከጠበቁ በኋላ ነው። ኩባንያው ትልቅ፣ ባለሞያዎቹም የታወቁ ነበሩ። ሁለተኛው፣ ያው ኩባንያ ደንበኞች በራሳቸው ሰርቨር ላይ የሚያቆሙትን የሰርቨር እትም መሸጥ በ2021 አቁሞ፣ ድጋፉንም በፌብሩዋሪ 2024 ዘግቷል። ይህ ስሕተት ሳይሆን የንግድ ውሳኔ ነበር፤ በዚያ እትም ላይ የተደገፉት ግን ወደ ሌላ መሰደድ ግድ ሆነባቸው። ክፍት ኮድ ያላቸው እንደ ሬድማይን ያሉት ለዚህ ይሻላሉ፤ ሠሪዎቹ ቢያቆሙ እንኳ የተተከለው ይቀራል። ነገር ግን ሰርቨሩን ማን ያድሳል፣ መጠባበቂያ ቅጂውንስ ማን ይይዛል? መብራት በሚመላለስበት ከተማ ያለ ጠባቂ የቆመ ሰርቨር ከኪራይ ሰሌዳ የባሰ አደጋ ነው። ጠባቂ ለሌለው ነጋዴ ኪራዩን ከሳምንታዊ ቅጂ ጋር እንመርጥለታለን።

ማን ያያል?

በቡና ንግድ የግዢ ዋጋ ምሥጢር ነው። ሰሌዳውን ሲከፍቱ «ለሁሉ ክፍት» የሚል ምርጫ ካለ፣ በነባሪው ምን እንደ ሆነ ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ዙሪያ ብዙ ድርጅቶች ሳያውቁ ክፍት በተዉዋቸው የትሬሎ ሰሌዳዎች ላይ የይለፍ ቃሎቻቸው በኢንተርኔት ፈላጊዎች በኩል ሲገኙ ታይተዋል፤ ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የከፈቱት ሰዎች ነበር። ከዚህም በላይ የገበሬው ስም፣ የስልክ ቁጥሩና የማሳው ነጥብ የእርሱ የግል መረጃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ እንዲህ ያለውን መረጃ በሚይዝና ከአገር ውጭ በሚያስተላልፍ ላይ ኀላፊነት ያኖራል። እንግዲህ ደኅናው መንገድ የገበሬዎቹን መረጃ በሰሌዳው ላይ ከቶ አለማኖር ነው። በሰሌዳው ላይ «የዴቻ ገበሬ ቁጥር 114 ልኬት ይታረም» ብቻ ይጻፍ፤ የቁጥር 114 ስምና ስልክ በመዝገቡ ፕሮግራም ውስጥ ይቆይ።

የሙከራው አኳኋን

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ቀደም ሲል ለአንድ የንግድ ቤት የዓመት ክፍያ ከፍሎ ሰሌዳ አስገብቶ ነበር። ሰሌዳው መልካም፣ ዓምዶቹም ያማሩ ነበሩ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ከዐሥራ አንድ ሰው ሁለት ብቻ ሲከፍቱት ተገኘ። ምክንያቱ ሲመረመር ባለቤቱ ራሱ እንደ ቀድሞው በቴሌፎን ይጠይቅ ነበር፤ በቴሌፎን ለሚጠየቅ ሠራተኛ በሰሌዳ መጻፍ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። የክፍያው ገንዘብ አልተመለሰም፤ ጥፋቱም ሳይሞክር የከፈለው የአዘጋጁ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ሰሌዳ ብቻ መርጦ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሳምንት፣ በእውነተኛ ሥራ መሞከር ይሻላል። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሞከር ሠራተኛው ይታክታል፣ ንጽጽሩም ይደበዝዛል። ለሙከራ የሚሆነው ወቅት መከሩ ከመድረሱ በፊት ያለው ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት ቀይ ፍሬ መልቀም ሲጀመር አዲስ መሣሪያ የሚማር ሰው አይገኝም። በሙከራው ጊዜ ባለቤቱ «ከምን ደረሰ?» ብሎ በስልክ እንዳይጠይቅ፣ ሰሌዳውን ከፍቶ እንዲያይ ይስማማ። ከዚያ በየሳምንቱ መጨረሻ ሦስት ነገር ይቈጠር፤ ስንት ካርድ አለቀ፣ ስንት ካርድ ከአንድ ሳምንት በላይ ሳይንቀሳቀስ ቆየ፣ ከስምንቱስ ሰዎች ስንቱ በራሱ እጅ ጻፈ። ሦስተኛው ቁጥር ከስድስት በታች የሆነ እንደሆነ ሰሌዳው ምንም ያህል ቢያምር ይተው። ስለ መልኩና ስለ ቀለሙ አስተያየት መጠየቅ አያስፈልግም። ከለኪዎቹ አንዱ፣ በተለይም ከሁሉ ይልቅ ለኮምፒዩተር እንግዳ የሆነው፣ ያለ ረዳት ካርድ ከፍቶ ፎቶግራፍ አያይዞ ለመዝጋት ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀበት ግን በሰዓት ይለካ።

በመጨረሻም ስለ ውሉ አንድ ነገር እናክላለን። ፕሮግራም ሠሪዎቹ ሰሌዳውን ብዙ ጊዜ በራሳቸው ኢሜይል ይከፍቱታል፤ ይህም ለእነርሱ ይቀላል። ሥራው ግማሽ ላይ ሳለ ወጣቱ ወደ ሌላ ቀጣሪ ቢሄድ ወይም ስለ ክፍያ አለመግባባት ቢነሣ ግን ሰሌዳው ከነታሪኩ አብሮት ይሄዳል፤ የቀረውም ቡድን የትኛው ማሳ እንደ ታረመ፣ የትኛው እንደሚቀር አያውቅም። ስለዚህ ሰሌዳው በንግድ ቤቱ ኢሜይል እንዲከፈት፣ ሁለት የንግድ ቤቱ ሰዎች ሙሉ ሥልጣን እንዲኖራቸው፣ ሳምንታዊው ቅጂ ዘወትር ዐርብ በቦንጋ ቢሮ እንዲቀመጥ፣ የየዙሩም ክፍያ የሚፈጸመው በ«ያለቀ» ዓምድ ውስጥ ያሉት ካርዶች በሒሳብ ሠራተኛው ከተመሳከሩ በኋላ እንዲሆን በውሉ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ይጻፍ።